ቀይ የሚጽፍ ፕሪንተር

«ቀይ የማይጽፍ ከሆነ፣ ልጄ፣ እዚያው መደርደሪያሽ ላይ ይቆይ» አሉ የኔታ፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ጥቁሩን ፕሪንተር እየጠቆሙ።

አቶ ቢተው ይህን ሲሰሙ ለሦስተኛ ጊዜ ስለሆነ መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ መነጽር ካወለቁ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር ይባላል። የኔታ ግን የእሳቸው ተማሪ ሆነው አያውቁም።

«የኔታ፣ ደብዳቤ የሚጻፈው በጥቁር ነው። የክርስትና ምስክር ወረቀትም በጥቁር ነው። ወረዳው እንኳ ለእኛ ሲጽፍ በጥቁር ነው።»

«ወረዳው የእመቤታችንን ስም አይጽፍማ።»

ባለ ሱቋ እማዋይሽ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ያለነው ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ስልክም የፀሐይ መብራትም ፕሪንተርም ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ሦስታችንን የላከን የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ሲሆን፣ ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ለቢሮው የሚሆን ፕሪንተር መርጣችሁ ግዙ። አቶ ቢተው የጉባኤው ጸሐፊ ናቸው። የኔታ ለግማሹ ምእመን፣ ለእኔም ጭምር፣ ፊደል ያስቆጠሩ የደብሩ መምህር ናቸው። እኔ ደግሞ የቢሮው ታይፒስት ነኝ፤ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጥሬ አንዱን ወር ጨርሻለሁ። የተላክሁት «ኮምፒውተር ያውቃል» ተብዬ ነው። ኮምፒውተር የማውቀው ብዙ ሰው ፈጣሪን እንደሚያውቀው ነው፤ ሲቸግረኝ እጠራዋለሁ፣ ሲመልስልኝ ይገርመኛል። ግጥምም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ግጥሜን ያነበበ ሁሉ ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል።

እማዋይሽ ገና እንደገባን አንድ ጥያቄ ጠይቃን ነበር፤ ምን ምን ልታትሙበት ነው? ፕሪንተር የሚመረጠው እንደ ሥራው ነው አለች። አቶ ቢተው ደብዳቤና ምስክር ወረቀት አሉ። የኔታ ለኅዳሩ ንግሥ የሚደገመውን መልክዕ አሉ። እኔ «ልዩ ልዩ ሥራዎች» አልሁ። ልዩ ልዩ ያልሁት አርባ ግጥሞቼን ነው፤ ከሥራ በኋላ አትሜ፣ ጠርዤ፣ ደራሲ ልሆን አስቤ ነበር። አንድ ጥያቄ ጠይቃ ሦስት መልስ ያገኘች ነጋዴ ያን ጊዜውኑ ሱቋን ዘግታ መሄድ ነበረባት።

እሷ ግን ታጋሽ ናት፤ አስረዳችን። ጥቁሩ ሌዘር ነው፤ በዱቄት ይጽፋል፣ ፈጣን ነው፣ ብዙ ይችላል። ግን ሲሞቅ መብራት ይስባል። አሁን ደግሞ የሩዝ አጨዳ ደርሶ መፈልፈያዎቹ ሁሉ ተነሥተዋል፤ እነሱ ሲነሡ የከተማው አምፖል ሁሉ ዓይኑን ስለሚጨፍን ሌዘሩ እየጠፋ ያስቸግራችኋል አለች። ባለ ቀለሙ መብራት አይፈጅም፣ ቀለሙን ከጠርሙስ ትሞሉታላችሁ፤ ግን በየሳምንቱ ካላሠራችሁት አፍንጫው ይደፈናል።

«ጉንፋን የሚይዘው ዕቃ አልገዛም» አሉ አቶ ቢተው።

እንግዲህ ክርክሩ በላዩ ስለ ቀለምና ስለ መብራት ነው። ከሥሩ ያለውን ሦስታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አናነሣውም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

በእኛ ዘንድ በብራና ሲጻፍ የእመቤታችን፣ የጌታና የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ሌላው በጥቁር። የኔታ ይህን የጽሕፈት ሙያ ጣራ ገዳም አካባቢ ከነበሩ አንድ መነኩሴ ተምረው፣ በየዓመቱ የንግሡን መልክዕ፣ ማለት ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ ጥፍር እመቤታችንን የሚያወድሰውን ግጥም፣ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ጽሑፉ ኮፒ ቤት ሄዶ ይባዛል። ኮፒው ቀዩን ሁሉ ጥቁር ስለሚያደርገው፣ የኔታ ሰማንያውን ቅጂ ከፊታቸው ከምረው እያንዳንዱን ስም በመቃ ብዕር እንደገና ያቀሉታል። ለዚህ ሥራ ብለው አንድ ሳምንት ቤታቸውን ይዘጋሉ። ባለፈው ዓመት ግን ፊደሉ ተንቀጠቀጠ። አንድ ዲያቆን በሕዝብ ፊት ሲያነብ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ዲያቆኑን ሰነፍ ነው አለ፤ ዲያቆኑም ስድቡን ዋጥ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ነው ጉባኤው «ዘመኑ የፕሪንተር ነው» ማለት የጀመረው። ለየኔታ «እጅዎ ስለደከመ ነው» ያላቸው የለም። እሳቸውም ምክንያቱን አልጠየቁም። ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ቀይ ይጻፍ።

«ይኸ ልጅ ይወስን» አሉ በመጨረሻ አቶ ቢተው፣ «የሚሠራበት እሱ ነው።»

ባለ ቀለሙን መረጥሁ። የኔታ በደስታ ትከሻዬን ያዙኝ፤ ለእሳቸው አዝኜ የወሰንሁ መሰላቸው። ዛሬ ልናዘዝ፤ ያሰብሁት የግጥም መጽሐፌን ሽፋን ነበር። ሽፋኑ ላይ ፀሐይ ጣና ላይ ትጠልቃለች። ጥቁርና ነጭ የሆነች ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ መብራት የጠፋ ነው የምትመስል።

ካርቶኑን በባጃጅ ወሰድነው። አቶ ቢተው አምነው ለማንም ስላልሰጡት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ድረስ እንደ ሕፃን አቅፈውት ሄዱ፤ ባለ ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ባለፈ ቁጥር የሚያሹት የካርቶኑን ጎን ነበር።

ቢሮ ደርሰን ስንከፍተው አራት ጠርሙስ ቀለም ወጣ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አንዱ ደግሞ እንደ ሮዝ ያለ። የኔታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሡ አዩና ቀዩ የት አለ አሉኝ። ቀይ ብቻውን እንደሌለ፣ ሮዙና ቢጫው ሲገናኙ እንደሚወለድ ነገርኋቸው። አቶ ቢተው ይህን ሲሰሙ ተታለልን አሉ። የኔታ ግን እኛም ቀዩን የምናወጣው ብዙ ነገር ቀላቅለንና አፍልተን ነው፣ ዝግጁ ቀይ ከየትም አይቀዳም ብለው እንደ ባለሙያ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በዚያች ደቂቃ ማሽኑን ወደዱት። እኔንም የወደዱኝ መሰለኝ።

ድፍረት የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ለሙከራ ብዬ አንዱን ግጥሜን አተምሁና አሳየኋቸው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ገለበጡት። ጀርባውን አዩ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉ።

በማግስቱ ብልሃቴን አሳየሁ። መልክዑን ከተየብሁ በኋላ እያንዳንዱን ቅዱስ ስም እየፈለጉ ማቅላት ብልሃት የሌለው ሰነፍ የሚሠራው ሥራ መስሎ ታየኝ፤ በእርግጥ ሰነፍ ማለት እኔ እንደሆንሁ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ለኮምፒውተሩ አንድ ትእዛዝ ሰጠሁት፤ «ማርያም»፣ «ሥላሴ»፣ «ሚካኤል»፣ «ጊዮርጊስ» የሚል ባገኘህበት ቦታ ሁሉ ቀይ አድርግ። በአንድ ቅጽበት ጽሑፉ እንደ በርበሬ ማሳ ቀላ። እጄን አጣጥፌ ወንበሬ ላይ ተደገፍሁ። በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለ ታይፒስት ያለ አልመሰለኝም።

ጥፋቴ ትእዛዙን የሰጠሁት ለዚያ ጽሑፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። የቢሮው ጽሑፎች ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ነበሩ። በዚያው ሰዓት አቶ ቢተው የበዓሉን የሥራ ድልድል፣ ድንኳን የሚተክለውን፣ ውኃ የሚያመላልሰውን፣ ጸጥታ የሚያስከብረውን ስም ዝርዝር አትመህ ለጥፍ አሉኝ። አትሜ፣ ሳላይ፣ በሩ ላይ ለጠፍሁት።

በፎገራ ሜዳ ከሁለት ሰው አንዱ ገብረማርያም ነው፤ ሌላው ኃይለሚካኤል። ዝርዝሩ ላይ «ገብረ» ጥቁር ሆኖ «ማርያም» ቀላ፤ «ኃይለ» ጥቁር ሆኖ «ሚካኤል» ቀላ።

መጀመሪያ የመጡት ከሩዝ ማሳቸው በቦት ጫማ የወጡ አያ ኃይለማርያም ናቸው። የአቶ ቢተው የድሮ ተማሪ ናቸው፤ ምእመኑ እንዳለ የአቶ ቢተው የድሮ ተማሪ ነው። በእሳቸው ዘንድ ቀይ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ የወደቀ የሚጻፍበት። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙና በትሕትና ጠየቁ።

«አቶ ቢተው፣ ግማሼ ወድቋል ማለት ነው?»

አቶ ቢተው ተነሥተው ዝርዝሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። የሙከራ ጊዜዬ በዓይናቸው ውስጥ ሲያጥር ታየኝ። የኔታ ግን ገና ከውጭ ሆነው ነገሩን አንብበውት ኖሮ እየገቡ ነበር። የሰው ስም ውስጥ ያለችውን ማርያምን ማን ቀይ አድርጋት አለህ ብለው ተቆጡኝ። ይቅርታ ጠይቄ ጥቁር አድርጌ ላትም ስቀመጥ ክንዴን ያዙ።

«ቆይ። አንድ ጊዜ ከቀላች በኋላ አጥቁራት አልልህም። እኔ አልልህም።»

አቶ ቢተውም ደፍረው አላሉም። ስለዚህ ቀዩ ጸና፤ አያ ኃይለማርያምም መውደቃቸው ሳይሆን መክበራቸው እንደሆነ ተነግሯቸው ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ። የነገሩ መበላሸት የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አያ ኃይለማርያም ክብራቸውን ዝም ብለው የሚይዙ ሰው አይደሉም፤ በማግስቱ ይፋግ ገበያ ውለው ላገኙት ሁሉ አወሩት።

ከዚያ ይርጋ መጣ። አለሙ መጣ። ሞላ መጣ። ሁሉም በትሕትና አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ድንኳኑን እኩል ተሸክመን፣ ውኃውን እኩል ቀድተን፣ የእኛ ስም ለምን ጠቆረ? አለሙ ደግሞ መፍትሔውን ይዞ ነው የመጣው፤ «የክርስትና ስሜን ጻፈው» አለኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ማርያም ነው። ይህን የሰማ ሁሉ የክርስትና ስሙን ይዞ ተሰለፈ። አቶ ቢተው እንኳ፣ ያ ሁሉ ጥቁር ጥቁር ያሉት ሰውዬ፣ ሰዎቹ ሲሄዱ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ገብረ ሥላሴ ነኝ» አሉኝ።

አዲሱን ዝርዝር አተምሁ። አማረ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የሰው የክርስትና ስም የሚነሣው በጸሎት ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በክርስትና ስሙ ጠርቶት አያውቅም። ዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ ወልደ ማርያም ተገኘ። ቅዳሜ ዕለት አሥራ አንዱም ድንኳን ተካይ ነን ብለው መጡ፤ ለውኃ አንድም ሰው አልመጣም። አንድ ድንኳን አሥራ አንድ ሰው ሲጎትተው ያየ ሰው ለምን እንደተቀደደ አይጠይቅም።

እያንዳንዱም ለቤቱ አንድ አንድ ቅጂ ስለፈለገ የሮዙ ጠርሙስ በዚህ አለቀ። አቶ ቢተው ራሳቸው ሄደው ሌላ ገዙ። እኔም ከዚያ በኋላ አደብ ገዝቼ መልክዑን ሰማንያ ቅጂ አተምሁ፤ ቀዩ በየቦታው ልክ ነበር፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር። የኔታ አንዱን ቅጂ አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ጣታቸውን በአንዱ ቀይ ስም ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው መለየት አልቻልሁም። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ባየሁ ጊዜ የእኔም ፊት እንደዚያ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይመስለኛል።

ለበዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት ገበዝ መጥተው ክምሩን አዩ። ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባ አዲስ ነገር ሁሉ ጸሎት ተደርሶበት ጸበል ይረጭበታል። ገበዙም ጸልየው፣ ጸበሉን በእፍኛቸው ይዘው፣ ለጋስ ሰው ስለሆኑ ሦስት ጊዜ ደህና አድርገው ረጩ።

ጥቁሩ ፊደል እንዳለ ቆመ። ንቅንቅ አላለም። ቀዩ ግን ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። የእመቤታችን ስም ከመስመሩ ወርዶ ከታች ካለው ቃል ላይ ተኛ፤ ቅዱስ ሚካኤል በወረቀቱ ጠርዝ በኩል ሮዝ ሆኖ ወጣ። ከላይ ያሉት ከሥራቸው ላሉት አስተላለፉ፤ የገበዙ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። አቶ ቢተው አንድ ገጽ አንሥተው ያዙት፤ ሲንጠባጠብ ተመለከቱት። «ደብዳቤ ቢሆን ይቆም ነበር» አሉ ለራሳቸው።

ለእማዋይሽ ደወልሁላት። ጥቁሩ ቀለም ወረቀቱን የሚነክስ ነው፣ ሌሎቹ ግን ቀለም የተቀባ ውኃ ናቸው አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ ሁልጊዜ እንደምትናገረው።

«ምን እንደምታትሙበት ጠይቄያችሁ ነበር እኮ። ውኃ የሚረጭበት እንደሆነ ማን ነገረኝ?»

ስልኩን ስዘጋ ሁሉም ወደ የኔታ እያዩ ነበር። ቀይ ያሉት እሳቸው ናቸው። አቶ ቢተው ዘንድሮ ሁሉም በጥቁር ይታተም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፤ ያን ቢሉ ደግሞ ነገሩ የዘንድሮ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር፣ የኔታም ከዚህ ቢሮ እንደገና እንደማይገቡ ታወቀኝ። የኔታ ግን ቀደሟቸው። ለእኔ ነው የተናገሩት። ድሮም ጸሐፊ ጥቁሩን ጽፎ ይጨርሳል፣ የቀዩን ቦታ ባዶ ይተወዋል፣ ኋላ ይመለስበታል አሉ። ይኸ ማሽን ባዶ ቦታ መተው ያውቃል ወይ?

ያውቃል። ቀይ ያልሁትን ሁሉ ነጭ በል አልሁት፤ አለ። ሰማንያውም ወረቀት በጥቁር ታተመ፤ ስሞቹ በሚኖሩበት ቦታ ልካቸውን የያዘ ባዶ ቀረ። የኔታ ባዶውን በጥፍራቸው ለኩት፤ ልክ ነው አሉ። በዚህ ሥራ ከእሳቸው አፍ ያገኘሁት የመጀመሪያው ምስጋና ሲሆን፣ ያገኘሁትም ባልጻፍሁት ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ጸበል የለመደ ቀይ ቀለማቸውን በቀንድ፣ መቃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ጠረጴዛውን ለቀቅሁላቸው። አቶ ቢተው ወረቀቶቹን ያቃኑ መስለው አጠገባቸው ቆሙ። የኔታ መቃውን ነክረው፣ ጫፉን ጠርገው፣ እጃቸውን ወደ መጀመሪያው ባዶ ቦታ አወረዱ። እጁ ወረቀቱ ላይ ከመድረሱ በፊት አየር ላይ ብዙ ጻፈ። «ማ» ከጥቁሩ ፊደል ጋር ተጋጨች። «ር» ወደ ላይ ሸሸች። ሁለተኛውን ስም ሞከሩ፤ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። አቶ ቢተው የወረቀቱን ክምር ትተው በመስኮት በኩል ማንም የሌለበትን ግቢ ይመለከቱ ጀመር። ከሩቅ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ይሰማል። ሦስተኛውን ስም ጀምረው መሐል ላይ ተዉት፤ መቃውን ቀንዱ አፍ ላይ አጋደሙና የቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ያዙ።

ከዚያ ተነሡ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«የኔታ፣ እኔ እኮ በእጄ ጽፌ አላውቅም። ግጥሜን እንኳ በስልክ ነው የምጽፍ።»

«ተቀመጥ አልሁህ።»

ተቀመጥሁ። መቃውን እንዴት እንደሚያዝ ሳያውቅ እንደ እስክሪብቶ የጨበጠ እጄን ጣት በጣት ፈተው እንደገና አስያዙኝ። እጃቸውን በእጄ ላይ አደረጉ። የመጀመሪያውን «ማ» አብረን ጻፍናት። እጃቸው በእጄ ላይ ሲሆን አልተንቀጠቀጠም፤ ወይም ሁለታችንም እኩል ስለተንቀጠቀጥን አልታወቀንም። ፊደሏ እንደ ሕፃን ልጅ እግር የወፈረች ሆና ወጣች፤ ግን ባዶ ቦታዋ ውስጥ ነበረች፣ ከማንም ጋር አልተጋጨችም።

ሁለተኛዋን ሳይነኩኝ አጻፉኝ። አዩዋት። አስከፊ ናት ያሏት በዓይናቸው ብቻ ነው። ሦስተኛዋን ስጽፍ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰብስበው ነበር። ከፊቴ ሰማንያ ወረቀት አለ፤ በየወረቀቱ ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ለመቁጠር አቶ ቢተው ጣታቸውን አንሥተው ተዉት።

«ነገም ትቀመጣለህ፣ ከነገ ወዲያም» አሉ የኔታ። «ሲጣመምብህ አትፋቅ። የተጣመመው ላይ ሆነህ የሚቀጥለውን አቃና። እኔን ለማየት እያልህ ቀና አትበል፤ እኔ እዚህ የለሁም።»

ቀንዱን ወደ እኔ አስጠጉት፤ ጨርቁንም አጠገቡ አኖሩት፤ ይዘውት ሊሄዱ አልነበረም። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሡ። እኔ «ያ» ላይ ነበርሁ፤ ቀና አላልሁም። ጋቢያቸው ወንበሬን ታክኮ ሲያልፍ ተሰማኝ፣ ከዚያ የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ፣ ከዚያ በሩ ሲዘጋ።